ባህረዲንና ሁለቱ ፓፎች

ባህረዲን ጆንያ ያሸታል። ሥራው ይኼው ነው፤ አሮጌ ጆንያ ገዝቶ፣ አራግፎ፣ አሽትቶ፣ አስጠግኖ ይሸጣል። ከእህል በረንዳና ከቡና ነጋዴዎች የተሰበሰበው ባዶ ጆንያ ሱቁ በር ላይ ይወርዳል፣ እሱ አንድ በአንድ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን እስከ ጆሮው ድረስ ያስገባበታል። ከዚያ ወጥቶ «ጤፍ»፣ «ቡና»፣ «ጨው የነካው»፣ «ናፍጣ አጠገብ ያደረ» እያለ ወዲያና ወዲህ ይወረውራል። ናፍጣ የሸተተውን ለዱቄት ነጋዴ አይሸጥም፤ ዓሣ የነካውን ለማንም አይሸጥም። መርካቶ ውስጥ ጆንያ የሚሸጥ ሞልቷል፣ «የባህረዲን ጆንያ ነው» ከተባለ ግን ገዢው ፈትቶ ሳያይ ያሸክማል። ስሙን የሠራለት አፍንጫው ነው። ሊገድለው የነበረውም አፍንጫው ነው፤ ከአፍንጫው ይልቅ ግን ግትርነቱ።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። የሻሽወርቅ እባላለሁ፣ ሲባጎ፣ ገመድና የጆንያ መርፌ እሸጣለሁ። የእኔንና የእሱን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ቆርቆሮውም ጣሪያው ጋ አይደርስም። እሱ ጆንያ ባራገፈ ቁጥር አቧራው በዚያ በኩል ተሻግሮ እኔ ላይ ይሰፍራል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ነጠላዬን በቀን ሦስት ጊዜ ሳራግፍ ኖሬአለሁ። «ባህረዲን፣ ውጭ አራግፍ!» እላለሁ። «ውጭ መንገድ ነው የሻሼ፣ ደንብ አስከባሪ ይቀጣኛል» ይላል። ደንብ አስከባሪ የሚባል ነገር ሳይመጣም መልሱ ይኸው ነበር፤ ያኔ «ፖሊስ» ይል ነበር።

ሁለታችንም ወደዚህ መደዳ የገባነው ኢሕአዴግ አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ ባሌ ሞቶብኝ ከደብረ ማርቆስ ወንድሜ ዘንድ መጥቼ፣ እሱ ደግሞ ከስልጤ መጥቶ ስምንት ዓመት ለአጎቱ ጆንያ ሲሸከም ከኖረ በኋላ። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ እሱ በአንድ ዓመት እበልጥሻለሁ ይላል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ጠዋት እኔ ራጉኤልን ተሳልሜ እሱም ከአንዋር ሰግዶ ስንመለስ በር ላይ እንገናኛለን። እናቴ ስትሞት ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው፣ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ከለቅሶዬ አልተነሳም። የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ ደግሞ ማሂራን፣ ሚስቱን ማለቴ ነው፣ በላዳ ታክሲ ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ መብቴ ነው፣ ማንም አይከለክለኝም።

አስሙ የጀመረው በዘጠና ሁለት ክረምት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ማሳል፣ ከዚያ ደረቱ ውስጥ ድመት የገባች ይመስል ሲር ሲር ማለት። በዚያን ጊዜ እንኳ አእምሮ ነበረው። አቧራው ሲይዘው ጆንያውን ወርውሮ ይወጣና መንገዱን ተሻግሮ ሸራ ከሚሸጠው ከአሸብር ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣል። ሻይ ይጠጣል፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይቆያል። ደረቱ ሲረጋ ይመለሳል። ሰውነቱ ሽሽ ሲለው ይሸሽ ነበር ማለት ነው።

ኋላ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ሰማያዊ ፓፍ ሰጡት። አፉ ውስጥ አድርጎ ሁለቴ ተጫነው፣ ሳበው፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደረቱ ተከፈተ። እዚህ መጥቶ እንዴት እንዳወራው አልረሳውም። «የሻሼ፣ ወላሂ ይኼ ነው ዕቃ! እንደ ኦርጅናል ባትሪ! ጠቅ ስታደርጊው ይበራል!» አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፓፉን ከመውደዱ የተነሳ አንዱን ኪሱ፣ አንዱን ሱቁ፣ አንዱን ቤቱ አኖረ። ገና ጠዋት በሩን ሲከፍት አንዴ ወደ አየር ይረጨዋል፣ መሥራት አለመሥራቱን ሊያይ። «አንተ ሰው፣ መድኃኒቱን ለምን ለዝንብ ትሰጣለህ?» ስለው «ያልተፈተነ ዕቃ ይዤ አልውልም» አለኝ።

ታዲያ ፓፉ ከመጣ በኋላ አሸብር ደጃፍ መቀመጡ ቀረ። ይኼን ያኔ ልብ አላልኩትም። በቆርቆሮው በኩል የምሰማው እንዲህ ነበር፦ ጭስስ፣ ጭስስ፣ ከዚያ ጆንያ ሲራገፍ፣ ከዚያ ሳል፣ ደግሞ ጭስስ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ሁለቴ እሰማው ነበር፣ በዓመቱ በየቀኑ ሆነ፣ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ሰሞን ግን በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ደረሰ። ድሮ አንዱ ፓፍ ሦስት ወር ያቆየው ነበር፤ ያኔ ሁለት ሳምንት አይሞላም። እሱ ግን ይኼንን የሚቆጥረው ለጤንነቱ ማስረጃ አድርጎ ነው። «አየሽ፣ ድሮ ግማሽ ቀን ተቀምጬ እውል ነበር። አሁን ሥራ አላቋርጥም» ይለኛል።

ሥራ አላቋርጥም ያለው ሰውዬ ሌሊቱን ተቀምጦ እንደሚያነጋ የነገረችኝ ማሂራ ናት። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ እኔ ዘንድ ጎራ አለች። ማሂራ ቁጥብ ሴት ናት፣ ስለ ባሏ ክፉ አታወራም። ያን ቀን ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ «እትዬ የሻሽ፣ ሁለት ትራስ ደራርቤለት ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚተኛው። ትንፋሹን ስቆጥር አድራለሁ» አለችኝ። ሁለት ሆነን ጨቀጨቅነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ ማሂራ «እንግዲያው ምሳህን ራስህ አብስለህ ብላ» ስትለው ተነሥቶ ሆስፒታል ሄደ። ደግነቱ በሆዱ የመጡበትን ነገር ይሰማል።

ሲመለስ ሁለት ፓፍ ይዟል፤ አንዱ ያው ሰማያዊው፣ ሌላው ቡናማ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አልኩት።

«ሰማያዊውን ሲብስብህ ብቻ ውሰድ፣ ቡናማውን ጠዋትና ማታ በየቀኑ አለኝ።»

«ደህና ስትሆንም?»

«ደህና ስሆንም። ተመልከች እንግዲህ፤ ያልታመመ ሰው መድኃኒት ሲወስድ የት አይተሻል?»

ሐኪሙ ሌላም ብዙ ነገር ነግሮታል። እሱ ግን ከኋላው ሰልፍ ስለነበረ፣ ጆንያም የጫነ አይሱዙ እየጠበቀው ስለነበረ፣ የሰማው ይኼን ብቻ ነው። እኔም የቀረውን አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደዚያ ሞኝነታችን ልምጣ። «ሞኝነታችን» የምለው እኔም ስለነበርኩበት ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ በወረቀት አይታመንም። ባትሪ ከገዛህ አምፖል አምጥተህ ታበራለህ፣ ገመድ ከገዛህ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል፣ ሸራ ከሆነ ውሃ ይደፋበታል። ፎርጅዱና ኦርጅናሉ የሚለየው እዚያው፣ ሰው ፊት ነው። ባህረዲንም ቡናማውን ፓፍ እንደዚያ ሊፈትነው ቆረጠ።

ጠብቆ ጠብቆ አንድ ሐሙስ አይሱዙ ሙሉ የጤፍ ጆንያ አራግፎ ደረቱ ጥርቅም ባለበት ሰዓት ጠራን። እኔና አሸብር ታዛቢ ሆንን። አሸብር ሰዓት ያዘ። ባህረዲን መጀመሪያ ቡናማውን ሁለቴ ሳበ። ጠበቅን። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ እሱ አሁንም ትከሻውን እያነሣ ሲር ሲር ይላል። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ እንዲያውም ባሰበት፣ ከንፈሩም ገረጣ። ያኔ ሰማያዊውን አንሥቶ ሁለቴ ሳበው። አሸብር «ሁለት ደቂቃ ተኩል!» ብሎ ጮኸ፤ ባህረዲን ደረቱ ተከፈተለት፣ ላቡን ጠረገ፣ ሳቀም።

«ታዛቢዎች፣ ፍረዱ!» አለ።

«ቡናማው ፎርጅድ ነው፤ ጥያቄም የለው» አለ አሸብር።

እኔ የተናገርኩትን ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። «ቀለሙም ራሱ ደስ አይልም» አልኩ።

በዚህ ፍርድ ቡናማው ፓፍ በሱቁ ምሰሶ ላይ በሲባጎ ታስሮ ተሰቀለ። ሲባጎውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በነጻ። ገዢ በመጣ ቁጥር «ይኼን ታያለህ? የተማረ ሰው እንኳ ፎርጅድ ይሸጥለታል» እያለ ያሳይ ነበር። ማሂራ ጠዋትና ማታ ትወስዳለህ ወይ ስትለው «ሱቅ አለ» ይላታል። አልዋሸም፤ ሱቅ ነበረ።

ይኼ የሆነው በጥቅምት ነው። እስከ ግንቦት ጭስስ፣ ጭስስ እየሰማሁ ኖርኩ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ጣለና የአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ጣሪያ አፈሰሰ። የረጠበውን ጆንያ በሙሉ ባህረዲን ገዛው፤ አድርቆ ሊሸጥ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጆንያው በሩ ላይ ተከመረ፣ ሽታው እኔ ጋ ሲደርስ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። ሻጋታ ነው፣ አረንጓዴ፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚቦን።

«ባህረዲን፣ ይኼን አታሽትት። ሻጋታ መሆኑን ለማወቅ አፍንጫ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል» አልኩት።

«አንዳንዱ ውስጡ ደህና ነው። መለየት አለብኝ።»

ጭስስ። ጆንያ ተራገፈ። ጭስስ፣ ጭስስ። ጆንያ ተራገፈ። እኔ ለአንድ ገዢ ሲባጎ እየለካሁ ነበር። የጭስሱ ድምፅ ሲደጋገም ተሰማኝ፤ ሳያቋርጥ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። የጆንያው ድምፅ ግን ቆሟል። ሲባጎውን ጥዬ ሮጥኩ።

ጆንያው ክምር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሏል። ደረቱ ድምፅ አያሰማም። ያ ስንት ዓመት የሰማሁት ሲር ሲር የለም፤ አንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ብቻ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሩ እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቁሯል። ፓፉን ከእጁ ወስጄ አናወጥኩት፣ ሙሉ ነው፤ አፉ ውስጥ አድርጌ ተጫንኩለት፣ ይረጫል፣ ግን ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለም። ቀና ብሎ አየኝ። እንደምንም አንድ አንድ ቃል እየለቀመ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ይኼኛውም… ፎርጅድ… ነው።»

ሰው ሊሞት ሲል ሸሃዳውን ይላል ወይም ልጆቼን አደራ ይላል። ይኼ ሰውዬ ዕቃ እያጣጣለ ሊሞትብኝ ነው! በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳ ደሜ ፈላ። አሸብርና አንድ ወዛደር ተሸክመው ላዳ ውስጥ አስገቡት፣ እኔም ጎኑ ገባሁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሚኒባሱ፣ ጋሪው፣ ሸክሙ አንድ ላይ ተጠላልፏል። ሹፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ማንም አይሰማም። የባህረዲን ራስ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ወርጄ መንገዱ መሀል ቆሜ ጮኽኩ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ራጉኤልን ብቻ ስጠራ እንደነበር ሹፌሩ ኋላ ነገረኝ። ጋሪው ተነሣ፣ አንድ ወያላ ሚኒባሱን አስመለሰ፣ አለፍን።

ሆስፒታል ሲደርስ ኦክስጂን አደረጉለት፣ በጭንብል የሚጨስ መድኃኒት ሰጡት፣ በደም ሥሩም መርፌ ወጉት። እኔ ኮሪደር ላይ ነጠላዬን እየጨመደድኩ ቆምኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ወጣቱ ሐኪም ወጣ፣ ዶክተር ኃይለልዑል ይባላል። በጥቅምት ቡናማውን ያዘዘለት ራሱ እሱ ኖሯል።

«ተርፏል» አለኝ መጀመሪያ። «አሁን ይንገሩኝ፣ ቡናማውን በየቀኑ ይወስድ ነበር?»

«ዶክተር፣ እሱ እንኳ አልሠራም። ፈትነነው ነበር።»

«ምን አድርጋችሁ?»

ነገርኩት። አይሱዙውን፣ የአሸብርን ሰዓት፣ ፍርዱን፣ ምሰሶውን፣ ዛሬም ድልድዩ ላይ መዘጋታችንን። ስነግረው ሞኝነታችን ለራሴ እየተሰማኝ መጣ። ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን አሸ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይሻላል። እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ጎኔ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ የእሱ አስም ከአለርጂ የመጣ ነው። የእህል ብናኝ፣ ሻጋታ፣ ጆንያው ውስጥ ያለ በዓይን የማይታይ ነፍሳት፣ ይኼ ሁሉ ሲገባ የአየር ቧንቧው ውስጡ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ይሞላል። በዚያ ላይ ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ ይጨመደዳል። ሰማያዊው ፓፍ የሚያላላው ጡንቻውን ነው። ጡንቻው ሲላላ አየር ያልፋል፣ ሰውዬው ዳንኩ ይላል። እብጠቱ ግን እዚያው ነው።»

«ታዲያ እብጠቱን የሚያወርደው ምንድን ነው?»

«ያ የሰቀላችሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እብጠት በአምስት ደቂቃ አይወርድም» አለ። «ቡናማው ቀስ እያለ ነው የሚሠራው፣ በየቀኑ እየተወሰደ፣ ቀናትና ሳምንታት ፈጅቶ። ታፍኖ እያለ ቢፈትነው ምንም አያደርግለትም፣ ለዚያ አልተሠራማ። ሰማያዊውን ብቻ ማብዛት ደግሞ እብጠቱን ካለመቀነሱም በላይ ሌላ ጣጣ አለው። በየቀኑ ሲዘወተር ቧንቧው ብናኝ ሲነካው የባሰ ቁጡ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን መታፈኑን ስለሚሸፍንለት ከአቧራው አይሸሽም። አቧራው ውስጥ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር ፓፍ ይጨምራል። ዛሬ ሰማያዊው እምቢ ያለው ለዚህ ነው፤ የሚላላው ጡንቻ ቢላላም ቧንቧው በእብጠትና በአክታ ተዘግቷል።»

አሸብር ደጃፍ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ የነበረው ባህረዲን ያኔ ትዝ አለኝ። ያ ሰውዬ ከዚህኛው ይልቅ ጤነኛ ነበር።

«ከእንግዲህ ቡናማውን ካልወሰደ» አለ ሐኪሙ ሲነሣ፣ «በሚቀጥለው ጊዜ ድልድዩን ላያልፍ ይችላል።»

በሦስተኛው ቀን ስሄድ ባህረዲን አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ኦክስጂኑ ተነሥቶለታል። ማሂራ ሾርባ ታጠጣዋለች። ሐኪሙ አዲስ ቡናማ ፓፍ ሰጥቶት፣ እንዴት እንደሚስብ አሳይቶት፣ ከዚያ አፉን በውሃ እንዲጉመጠመጥ ነግሮት ሄዷል። ፓፉ እጁ ላይ ነው። ክዳኑ አልተነቀለም።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ይዞት ነው» አለች ማሂራ።

«ባህረዲን፣ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነግሬሃለሁ፤ ፈተናው ስህተት ነበር። እኔም ተሳስቼአለሁ። ውሰደው እንግዲህ።»

«ገብቶኛል» አለ። ድምፁ ገና ሻካራ ነው። «ፎርጅድ አይደለም። ገብቶኛል።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ፓፉን እጁ ላይ አገላበጠው። ጆንያ ሲለይ እንኳ እንዲህ አያመነታም። «የሻሼ፣ ሰማያዊው ሲያመኝ ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ። ካላመመኝ ጤነኛ ነኝ፤ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ማንም ምንም አይለኝም። ይኼኛው ግን በየጠዋቱ፣ ደህና ሆኜ ስነሣም፣ ባህረዲን በሽተኛ ነህ ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ። ይኼ ይከብደኛል።»

ማሂራ ማንኪያውን አስቀመጠች። እኔ ደግሞ እዝን ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። ሦስት ቀን ያልተኛሁበት፣ ድልድዩ ላይ የጮኽኩበት፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። «ሰው ምን ይለኛል ብለህ ልትሞት ነው? ሐኪም በየቀኑ ውሰድ ካለህ መውሰድ ነው! ይኼ ምን የሚከብድ ነገር አለው? ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያደርገውን! ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒት የሚተው ሰው እኮ አእምሮ የጎደለው ነው!» አልኩት። ከጎን ያሉ ሕሙማን ዞረው አዩን።

ባህረዲን አስጨረሰኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «የግፊት ኪኒንሽስ?» አለኝ።

«የምን ኪኒን?» አልኩት።

«ከሲባጎው መሳቢያ ውስጥ ያለው። መርፌ ልዋስ ስመጣ አየዋለሁ። ያው አንድ የኪኒን ቅጠል ነው፣ ከጥምቀት ጀምሮ አራት ኪኒን ብቻ ነው የጎደለው። እሱስ በየቀኑ አይደለም እንዴ የታዘዘልሽ?»

እስካሁን ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው። ደም ግፊት አለብኝ፣ ጤና ጣቢያ ከነገሩኝ ዓመት አልፎኛል። ኪኒኑን የምውጠው ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው። ካላመመኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። ሐኪሟ በየቀኑ ስትለኝ እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ሱቅ ስገባ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ለማንም አልነገርኩም፣ ለልጄም። መርካቶ ውስጥ ግፊት አለባት ከተባልኩ ነገ ዕቃ የሚያምነኝ የለም፣ ልትሞት ነው ይሉኛል ብዬ ነበር።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ ባህረዲን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ያን ቀን አልሳቀም። «አንቺ ራስሽ የማትቀምሽውን ዕቃ ለእኔ ትሸጪልኛለሽ?»

ማሂራ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ብርጭቆ አንሥታ ውሃ ቀዳች፤ ለማን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ፓፉ አሁንም እጁ ውስጥ እንደተዘጋ ነው። ሐኪሙ ያለኝ ጆሮዬ ላይ አለ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድልድዩን ላያልፍ ይችላል።

ሱቁን ለሦስት ቀን ስለዘጋሁ የመሳቢያውን ዕቃ ቦርሳዬ ውስጥ ገልብጬ ነበር፤ ቅጠሉ እዚያው ነበረ። አወጣሁት። አንዱን ኪኒን ፈልቅቄ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ራሴን ጨርሶ አላመመኝም ነበር። ጤነኛ ነበርኩ፣ ጠዋት ራጉኤልን ተሳልሜ በእግሬ ነው የመጣሁት። ያ ትንሽ ነጭ ነገር ምላሴ ላይ ሲቀመጥ ባህረዲን ይከብደኛል ያለው ምን እንደሆነ ገባኝ፣ ተናደድኩም፣ አለቀስኩም። ማሂራ የሰጠችኝን ውሃ ጠጥቼ ዋጥኩት።

«ክፈችው» አለ ባህረዲን።

«ምኑን?»

«አፍሽን።»

ደሜ ፈላ፣ ግን ከፈትኩለት። ወደፊት ጠጋ ብሎ አየ፣ ምላሴን እንዳነሣም በጣቱ አመለከተኝ፣ አነሣሁለት። ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው የቡናማውን ክዳን የነቀለው።